እንግዳዬን ና ልበለው ወይስ ይቅርብህ?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ መምህር። የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ከዓመታት በፊት ጥምቀትን ያሳየሁት አንድ ፈረንጅ አለ፤ እስካሁን እንጠያየቃለን። ሰሞኑን «ግብፅን አይቼ ከዚያ ወደ እናንተ ልምጣ እያልኩ ነው። ሽብር የደረሰበት አገር ለጉብኝት መሄድ ግን ልክ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ለመናገር እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ሥራ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ የቤት ኪራይም አለብኝ። «እግዚአብሔር ይጠብቅሃል፣ ምንም አትሆንም፣ ና» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው ቀረሁ። እምነት ጎድሎኝ ነው? ወይስ እንዲህ ብሎ ሰው መጥራት ኃጢአት አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጽፈህ ሳትልከው መቅረትህን ደጋግሜ አነበብኩት። እምነት ጎድሎህ አይመስለኝም። ኅሊናህ ነው እጅህን የያዘው፤ ደግ አደረገ።

«ምንም አትሆንም» ለማለት ላንተም ለእኔም ሥልጣን አልተሰጠንም። ሰይጣን ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው ምን እንደጠቀሰ ታስታውሳለህ? «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን መዝሙር ነው፤ መላእክቱ በእጃቸው ያነሡሃል የሚለውን። ጥቅሱ እውነት ነው። እኛም ማታ ማታ እንጸልየዋለን። ሌላውን ሰው ለመገፍተር ሲውል ግን ፈተና ሆነ። የጌታ መልስም አጭር ነበር፤ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው።»

ደግሞ አስብ። ግንቦት 18 ቀን 2009 ዓ.ም. በግብፅ ሚንያ አውራጃ ወደ ቅዱስ ሳሙኤል ገዳም ይጓዙ የነበሩ ምእመናን በበረሃው መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ቢያንስ 28 ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። ለሽርሽር የወጡ አልነበሩም፤ ገዳም ሊሳለሙ ነው የወጡት። እነዚያን ሰዎች እግዚአብሔር አልጠበቃቸውም ልንል ነው? ሎቱ ስብሐት! ጌታ ራሱ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ነግሮናል። እንግዲህ አደጋ የደረሰበት ሰው እምነት የጎደለው ነው፣ በሰላም የተመለሰው ደግሞ ያመነ ነው የሚል ሒሳብ ቤተ ክርስቲያን የላትም።

መሸሽስ እምነት ማጣት ነው? ይህን የጎንደር ልጅ ሊጠይቀኝ አይገባም ነበር፤ መልሱ ደጃፍህ ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የእኛ ቁስቋም ስሟን ያገኘችው ከግብፅ ነው። እመቤታችን ሄሮድስን ሸሽታ ልጇን አዝላ ካረፈችበት ቦታ። በየዓመቱ ከመስከረም 26 ጀምረን የጽጌን ጾም የምንጾመው፣ ሌሊቱን ማኅሌት የምንቆመው፣ ኅዳር 6 ቁስቋም የምንወጣው ስለዚያ ስደት ነው። የዓለሙ ጌታ ከአንድ ንጉሥ ሰይፍ ሲሸሽ አላፈረም። ለሐዋርያቱም «በአንዲቱ ከተማም መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ብሏቸዋል። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አምልጧል። ያው ጳውሎስ በኋላ ሰንሰለት እንደሚጠብቀው እየተነገረው ኢየሩሳሌም ወጥቷል። ሁለቱንም ያደረገ አንድ ሰው ነው። ግን የተላከበት ነገር ነበረው፤ እንዲያው በድፍረት አልሄደም።

የግብፅ ወንድሞቻችን ያደረጉት ብዙ ያስተምረኛል። ከሚንያው ጥቃት በኋላ በዚያው ክረምት፣ የጥቃት ሥጋት እንዳለ ስለተነገራቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዞዎች ለጊዜው እንዲቆሙ ተደረገ። የዓመቷን ቁጥር እንኳ «ዓመተ ሰማዕታት» ብላ የምትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጉዞ ይቁም ስትል ማንም ፈሪ አላላትም። ከዚያ ጉዞው ተመለሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚያው መንገድ ላይ እንደገና 7 ሰዎች ተገደሉ። ሆኖም ዛሬም ወደ ገዳማቱ ይሄዳሉ። ማቆም ባለባቸው ሰዓት አቁመዋል፤ መንገዱን ግን ለገዳዮቹ ትተው አልቀሩም።

ወደ እንግዳህ ጥያቄ ስመጣ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ሽብር የነካው አገር ሁሉ ከእንግዳ ይዘጋ የሚሉትን አልደግፍም። ኅዳር 8 ቀን 1990 ዓ.ም. በግብፅ ሉክሶር 58 የውጭ ጎብኚዎችና 4 ግብፃውያን ሲገደሉ፣ ገዳዮቹ የፈለጉት አንዱ ነገር የአገሪቱን እንጀራ መቁረጥ ነበር። ቱኒዚያም እንዲሁ ሆነ። ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. ሱስ ከተማ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ታጣቂ 38 ሰዎችን ገደለ፤ 30ዎቹ እንግሊዛውያን ነበሩ። በዚያች ሰዓት ከአገሩ ሰዎች መካከል ሰንሰለት ሠርተው በገዳዩ ፊት የቆሙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ዜጎቿን ሁለት ዓመት ያህል ወደ ቱኒዚያ አትሂዱ ስትል ቆየች። ምክሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን ለእንግዳ ደረታቸውን የሰጡትም ሥራ ፈትተው ተቀመጡ። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

አንተም ታውቀዋለህ። ባለፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ ነበር። ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት እንደ ድሮው ቁልቁል ያያሉ። በሩ ላይ ጫማ የሚጠብቀው ልጅ ግን ሦስት ጥንድ ጫማ ብቻ ነበር ፊቱ። አንዱ የእኔ ነው። ድሮ መርገጫ የሚጠፋበት ደጃፍ! እንግዳ ቀረ ማለት ያ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ነጠላ ሻጯ፣ አንተም ጭምር ማለት ነው።

ስለዚህ የሚቻልበት ቦታ ሲሆን ሰው ቢሄድ ደስ ይለኛል። ደጉ ሳምራዊ ያለፈበት መንገድ የወንበዴ መንገድ ነበር። የወደቀውን ሰው «በዚህ መንገድ ለምን መጣህ» አላለውም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂም ሁለት ዲናር ከፍሎለታል። ግን «የሚቻልበት ቦታ» ያልኩትን ልብ በል። አገር ሰፊ ነው። ካይሮና የግብፅ ምዕራብ በረሃ አንድ አይደሉም። በእኛም አገር ጥር 2004 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ኤርታሌ ላይ 5 የውጭ ጎብኚዎች ተገድለዋል። ያ ማለት በዚያ ሳምንት ላሊበላ የነበረው ሰው ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

የጎንደርን ነገር ደግሞ ሳትደብቅ ንገረው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ከግብፁም ከቱኒዚያውም ይለያል፤ ምክንያቱም ሌላ ነው። ለመንገደኛ ግን ጥያቄው ያው ነው። ብዙ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይጓዙ ይመክራሉ። እንዲህ ያለ ምክር ባለበት ቦታ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሱ ላይከፍለው ይችላል። ይህን ሳያውቅ ቢመጣና አንድ ነገር ቢሆን፣ ካንተ ጋር ሆኖ ሕክምና የሚከፍልለት ያጣል። አንተ ታውቅ ነበር፤ ዝም ማለትህም ውሸት ይሆንብሃል። ኃጢአት አለው ወይ ላልከኝ፣ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንጀራ መፈለግ ኃጢአት የለበትም። የቤት ኪራይህን በሰው ነፍስ ላይ ማስያዝ ግን አለበት። ይህን ያልኩህ ልወቅስህ አይደለም፤ ሳትልከው እንደቀረህ አይቻለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ብለህ ጻፍለት። እንደናፈቅከው ጻፍ፤ እውነት ነውና። ከተማው ውስጥ በዓይንህ ያየኸውን ጻፍ። ከከተማ ውጭ ያለውን መንገድ የማታውቀው ከሆነ አላውቀውም በል። ለግብፁ ጉዞ የአገሩን ኤምባሲ ምክር በየቦታው ለይቶ እንዲያነብ፣ ኢንሹራንሱንም እንዲጠይቅ ንገረው። ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» እንዳለ፣ ከአዎንህ አታልፍ። ቢቀርም አትቀየመው። አልመጣህም ብለህ ጓደኝነቱን በገንዘብ አትመዝነው። ልምጣ ካለ ደግሞ እንደ አብርሃም ተቀበለው፤ ወደ ስሜን ተራሮች ልውሰድህ ብለህ ግን አታጣድፈው። ፋሲል ግቢና ባሕረ ጥምቀቱ ይበቁታል።

የኪራዩን ጉዳይ ለብቻህ አትሸከመው። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ እኔም እስቲ ሰው ላነጋግር። ደብዳቤውን ከመላክህ በፊት አብረን እንየው ካልክ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘኸው ና።