ጠዋት ነው ማታ?

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት፣ አንዷ «ጋሼ፣ አሁን ሁሉን ማሽኑ ይሠራው የለ፣ ለእኛ ምን ይቀረናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ የመለስኩላት በሁለት ቃል ነበር። ከሄዳችሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ስለዚህ ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዕድሜዬ ያለፈው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በሰው ፕላዝማ ውስጥ ስንት እንዳለ በመለካት ነው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ቫልፕሮይክ አሲድ። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ደሙ በሴንትሪፉጅ ይዞራል፣ ከላይ የቀረው ቢጫ ፈሳሽ፣ ማለትም ፕላዝማው፣ ይቀዳል፣ ፕሮቲኑ አሴቶናይትራይል በሚባል ኬሚካል እንዲዘቅጥ ይደረጋል፣ የጠራው መድኃኒቱን ከሌላው ለይቶ ወደሚለካው ማሽን፣ ወደ ኤችፒኤልሲ፣ ይገባል። መጠናቸው የታወቀ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ናሙናዎችን በየዕለቱ አብራችሁ አስኪዱ፤ ከ15 በመቶ በላይ ከሳቱ የዚያን ቀን ውጤት አታውጡ። ጄል ያለበትን የደም መያዣ ቲዩብም አትቀበሉ፤ ጄሉ ፌኒቶይንን እየመጠጠ ያሳንስባችኋል። ይህን ሁሉ መመሪያው ከእኔ በተሻለ ያስተምራችኋል። እኔ የምነግራችሁ መመሪያ ይዤ የተሳሳትኩትን ነው።

አንድ ቀን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደም መጣልኝ። ቫልፕሮይክ አሲድ በሽሮፕ፣ ጠዋትና ማታ ነበር የሚወስደው። ቅጹ ላይ «መድኃኒት የወሰደበት 2 ሰዓት፣ ደም የተቀዳበት 4 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ነገር የለም። እኔ 2 ሰዓቱን የማታ አደረግኩት። ደሙ የተቀዳው ጠዋት ነውና መድኃኒቱ ከተወሰደ 14 ሰዓት ሆኖታል ብዬ አሰላሁ። ውጤቱ በሊትር 96 ሚሊግራም ወጣ። የሚፈለገው ከ50 እስከ 100 ነው። ሌሊቱን አልፎ 96 ከሆነማ መድኃኒቱ ሞልቷል አልኩ፤ «ከቀጣዩ መድኃኒት በፊት የተቀዳ» ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩበት። ሐኪሙም ያንን አይቶ መጠኑን ሳይጨምር ቀረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናትየው ልጁን ይዛ መጣች። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቡና ሲቆላ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ጥሎት ከሰል ምድጃው ላይ ወድቋል። «እህቴ፣ ያን ቀን መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ሰጠሽው?» አልኳት። «ሁለት ሰዓት ላይ ነዋ፣ ታክሲ ውስጥ፣ በክዳኑ ለክቼ። ጠዋት።» ትንሽ ዝም ብላ «ማንም አልጠየቀኝም እኮ» አለችኝ።

96ቱ ትክክል ነበር፤ ማሽኑ አልዋሸም። ሽሮፑ በተጠጣ በሁለት ሰዓት ገደማ ደም ውስጥ ያለው መጠን ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ እኔ የለካሁት ያንን ጫፍ ነው። በማግስቱ የጠዋቱን ሳይወስድ አስቀድተን ስንለካው 34 ሆነ። ልጁ ሌሊት ሌሊት ባዶውን ነበር ማለት ይቻላል። መጠኑ ተስተካከለለት፣ መውደቁም ቀነሰ። እጁ ላይ ያለውን ጠባሳ ግን ዛሬም ድረስ አስበዋለሁ፤ ቅጹን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ብወጣ እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበርና።

መጠኑ የተቀየረበትን ቀንም ጠይቁ። ፌኖባርቢታል ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ ርካሽ፣ ለብዙው ሕመምተኛችን የደረሰ መድኃኒት ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው ከሰውነት የሚወጣው፤ ግማሹ ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል። መጠኑ ሲቀየር ደም ውስጥ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ማክሰኞ ተጨምሮለት ዓርብ በሚመጣ ደም ውስጥ መጠኑ ገና አልረጋም፤ ይህንኑ ለሐኪሙ ጻፉለት።

ከፌኒቶይን ጋር ስትሠሩ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። ጉበት የሚችለው ልክ አለው፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጭማሪ ብዙ ያደርጋል። በቀን ከ300 ወደ 400 ሚሊግራም ከፍ ያለለት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ግድግዳ እየደገፈ መጣ። ዓይኑ ወደ ጎን ሲያይ ይርገበገባል። ሰፈሩ «መጠጥ ጀመረ» ብሎት ከሥራው ሊባረር ደርሶ ነበር። ደሙ ውስጥ ያለው በሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ነበር፤ የሚፈለገው ከ10 እስከ 20 ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነም ጠይቁ፤ አይሶናያዚድ ፌኒቶይንን ከፍ ያደርገዋል፣ ሪፋምፒሲን ያወርደዋል።

ምንም መድኃኒት ያልተገኘበት ደም ሲመጣ «አይወስድም፣ ይዋሻል» ብላችሁ አትጻፉ። ጸበል ገብቶ አቁሞት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ አጥቶም ሊሆን ይችላል። በፍቅር ከጠየቃችሁት ይነግራችኋል። ጸበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም እንዲወስድ ንገሩት። ፌኖባርቢታልን በአንድ ጊዜ ማቆም የማያባራ ጥቃት ሊያመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ያጠፋል።

አንዳንዶቻችሁ ቂሊንጦ መድኃኒት ፋብሪካዎች ውስጥ እንደምትቀጠሩ ነግራችሁኛል። ደስ ብሎኛል። እዚያ የምትለኩት እንክብሉ ውስጥ ያለውን ነው፤ ሕመምተኛውን አታዩትም። ላቦራቶሪ የምትገቡት ግን ታዩታላችሁ። ከሰበታ፣ ከዱከም ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ልጇን ታቅፋ የመጣች እናት ስታገኙ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የጠዋቱን መድኃኒት ሳትሰጠው ይዛው እንድትመጣ፣ ደሙ እንደተቀዳም ወዲያው እንድትሰጠው አስረዷት። ሰዓቱን ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን አብራችሁ ጻፉ፤ ቅጹ ቦታ ከሌለው ጥጉ ላይ። ደም መቅጃው ክፍል ውስጥም አንድ ጆግ ውሃና ንጹሕ ብርጭቆ አይጥፋ።