ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም በዓይን መገመት ይቅር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ታላቅ እህቴ አምና ሆስፒታል ወልዳ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። እኔ ክትትል የማደርግበት የመንግሥት ሆስፒታል ግድግዳው ሁሉ «የጥራት ማሻሻያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እውነት ይሄ ነገር ለእኛ ለወላዶች ይጠቅማል? ወይስ ተበድሬም ቢሆን የግል ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፈችልሽ። እሷ ስለደማች አንቺም ትደሚያለሽ ማለት አይደለም። ግን ይሄንንም እወቂ፦ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ከሚፈሳቸው እናቶች አብዛኞቹ ቀድሞ የሚታወቅ ምንም ችግር የለባቸውም። ስለዚህ ጥሩ ማዋለጃ ክፍል የምለው ማንኛዋም እናት ብትደማ ቶሎ አውቆ ቶሎ የሚደርስላትን ነው።

«ቶሎ አውቆ» የሚለው ላይ ነው የምንወድቀው። ደሙን የምንለካው በዓይን ነው። ጨርቁን አየት፣ ወለሉን አየት አድርገን «ደህና ናት» እንላለን፣ የዓይን ግምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። በዚያ ላይ ወላዷ በጋቢ ትሸፈናለች፣ ዘመድ ገንፎ ይዞ ይገባል፣ ሁሉም ሕፃኑን ያያል፤ ደሙ ከሥሯ ሲጠራቀም ልብ የሚላት ሰው የለም።

ኢ-ሞቲቭ የሚባል ጥናት አለ፣ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በ80 ሆስፒታሎች ተሠራ። በግማሾቹ ሆስፒታሎች ያለ ቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሥር ደሙን የሚያጠራቅም፣ በሚሊ ሊትር የተሰመረ ፕላስቲክ ይነጠፋል። ደሙ ከመጠን ካለፈ አንዱን መድኃኒት ሰጥቶ ቆይቶ ማየት የለም፤ ማህፀኗ ይታሻል፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲንና ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጣታል፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ ይቀጠልላታል፣ ከየት እንደምትደማ ትመረመራለች፣ ሁሉም አከታትሎ በደቂቃዎች ውስጥ። እንደ ድሮው በቀጠሉት ሆስፒታሎች ከደሙት እናቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ በጊዜ የታወቁት፣ በአዲሱ አሠራር ግን ከ100 93 ታወቁ። ለከባድ መድማት፣ ለዚያ ሲባል ለሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም ለሞት የተዳረጉት ደግሞ በ60 በመቶ ቀነሱ። አስቢው እስቲ፣ አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም! መድኃኒቶቹ ለእኛ አገር ሐኪምና አዋላጅም እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ እኛ ጋ ለምን ይዘገያል የሚለው ጥያቄ ያንገበግበኛል።

ወረቀት መለጠፍ ብቻውን ግን አያድንም። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ለአዋላጆች የወሊድ መከታተያ ዝርዝር ተሰጥቶ፣ አጠገባቸው ሆኖ የሚያግዝ ሰው ሁሉ ተመድቦ ነበር። አሠራራቸው ተሻሻለ፣ የእናቶችና የሕፃናት ሞት ግን አልቀነሰም። እኛም ለዓመታት «እናቶች ጤና ተቋም ይውለዱ» ብለን ወተወትን፣ ሰውም ሰማን። እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከ100 5 ያህሉ ነበሩ፤ በ2019 ወደ ግማሽ ደረሱ። አሁን ዕዳው የእኛ ነው፣ ከመጡ በኋላ ምን እናደርግላቸዋለን?

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ፊት ለፊት ጠይቂ፣ አትፈሪ። ከወለድኩ በኋላ ደሜን በምን ትለካላችሁ? ኦክሲቶሲኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው? (ሙቀት ላይ የዋለ ኃይሉ ይቀንሳል።) ሌሊት ደም ቢያስፈልገኝ እዚሁ አለ ወይስ ሪፈር ነው፣ ሪፈር ከሆነስ አምቡላንሱ? እናቴ ወይም ባለቤቴ ምጥ ላይ አብሮኝ መግባት ይችላል? ጥራት በእርግጥ የሚሠራበት ቦታ ከሆነ በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሰው አታገኚም።

የግሉንም በእነዚሁ ጥያቄዎች ፈትኚው። የሚያምር አልጋና ጸጥ ያለ ክፍል ደም አያቆምም፤ ሌሊት ሐኪምና ደም የሌለው የግል ክሊኒክ ሁለቱም ካለው የመንግሥት ሆስፒታል አይሻልም። በመንግሥት ተቋም ወሊድ በነፃ ነው፤ መልሱ አጥጋቢ ከሆነ ለምን ትበደሪያለሽ?

ከአንቺ በኩል ደግሞ የደም ማነስ እንዳለብሽና እንደሌለብሽ ተመርመሪ። ደሟ ያነሰ እናት ትንሽ ብትደማም ትጎዳለች። አይረኑን ሳታቋርጪ ውሰጂ፣ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሁን፣ ወደ ሰውነትሽ በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል። የእህትሽን ነገር ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ካርድሽ ላይ ይጻፍ። ከወለድሽ በኋላ ሽንትሽን ቶሎ ሽኚ፤ የሞላ ፊኛ ማህፀን እንዳይኮማተር ያደርጋል።

አብሮሽ የሚሆነውን ሰው ከአሁኑ አስጠንቅቂው፤ በየጊዜው ጋቢውን ገልጦ ይይ። ሞዴስሽ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ ካዞረሽ፣ ካላበሽ ወይም ልብሽ በፍጥነት ከመታ ተራ አይጠብቅ፣ አዋላጇን ይጥራ። «ትንሽ እንይ» ካሉትም እዚያው ቆሞ በድጋሚ ይጥራ።