የአሮጌ ጀልባ የናፍጣ ታንከር እንዴት ተከፍቶ ይጸዳል?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ምእመናንንና ጎብኚዎችን የምታመላልስ የብረት ጀልባ አለችኝ። ከአባቴ የወረስኳት ስለሆነች ዕድሜዋ ገፍቷል። የናፍጣ ታንከሩ ከኋላ በኩል ከወለሉ ሥር የተቀበረ ሲሆን 200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ከመሙያው አፍና ከላይ ከተሰካው የመሳቢያ ቱቦ በቀር ሌላ መክፈቻ የለውም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጠዋት ስንሄድ ሞተሩ ደኅና ይሠራና ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ ሐይቁ መናወጥ ሲጀምር፣ ጉልበቱ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ፊልትሮውን ስናወጣው የሚያሙለጨልጭ ጥቁር ዝቃጭ ሞልቶት እናገኘዋለን፤ በአዲስ ብንቀይረውም ብዙ ሳይቆይ ያው ይደፈናል። አንድ መካኒክ ቤንዚን ጨምረን እያናወጥን እንድንደፋው መክሮናል፤ አንድ በያጅ ደግሞ ታንከሩን ከላይ በኦክሲጅን ቆርጦ ሊከፍትልን ፈቃደኛ ነው። የትኛው ይሻላል? ከውስጡ የሚወጣውንስ የት እናድርገው?
የጀልባ ባለንብረት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም እንዳያደርጉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ቤንዚኑም ሆነ የኦክሲጅኑ እሳት ሰው ሊገድል ይችላል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን የጻፉልንን ምልክት እንመርምር፤ ችግሩ ፊልትሮው ላይ ሳይሆን ታንከሩ ውስጥ መሆኑን በግልጽ ያሳያልና።

አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ናፍጣ የሚመዝነው ከ0.82 እስከ 0.86 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ታንከሩ የገባ ውሃ ሁሉ እንደ ጠላ አተላ ከሥር ይዘቅጣል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ስስ ድንበር ላይ ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ፤ ምግባቸውን ከናፍጣው እያገኙ በውሃው ውስጥ ይኖራሉ። የእነሱ ቅሪት፣ ከብረቱ የሚረግፈው ዝገትና ከቆየ ናፍጣ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር ተደባልቀው ያንን ጥቁር ዝቃጭ ይሠሩታል። ጠዋት ሐይቁ ሲረጋ ዝቃጩ ከመሳቢያው ቱቦ አፍ በታች ተኝቶ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋ ስትንገላታ ግን ይበጠበጥና በቱቦው ይሳባል። ሞተሩ የሚጠፋው በማዕበል መካከል፣ ይኸውም ሰው ተጭኖ ሞተሩ ከምንም ጊዜ በላይ በሚፈለግበት ሰዓት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታንከሩ እስኪጸዳ ድረስ ጀልባዋ መንገደኛ ባትጭን እመርጣለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ይህን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በመሙያው አፍ አስገብተው እስከ ታንከሩ ዝቅተኛ ቦታ ያድርሱት፤ ጀልባ ስትቆም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላዋ ስለምታዘነብል ዝቅተኛው ቦታ በአብዛኛው የኋላው ጥግ ነው። በእጅ ፖምፓ ግማሽ ሊትር ያህል ስበው በንጹሕ የመስተዋት ጠርሙስ ውስጥ ያኑሩትና እስከ ነገ አይንኩት። በማግስቱ ከላይ የጠራ ናፍጣ፣ ከመካከል ግራጫ የሚዝለገለግ ቀለበት፣ ከሥር ውሃ ካዩ ጥርጣሬው ተረጋግጧል። ጠርሙሱ ከላይ እስከ ታች የጠራ ከሆነ ግን ታንከሩን ከመቁረጥዎ በፊት የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ መጋጠሚያ አየር እያስገባ እንዳይሆን ይፈትሹ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እጅ የማይገባበት ታንከር አይጸዳም፤ ስለዚህ እጅ የሚያስገባ መስኮት መቁረጥ ግድ ነው። ብዙዎች በመሙያው አፍ የጽዳት ኬሚካል ጨምረው ወይም ናፍጣውን በፖምፓ አዙረው ለመገላገል ይሞክራሉ፤ ነገር ግን ወለሉ ላይ የተጋገረ ዝቃጭ ተፍቆ ካልሆነ በቀር አይነሣም። ጀርም ገዳዩ ኬሚካል ጀርሙን ቢገድልም ሬሳው እዚያው ስለሚቀር ለጥቂት ጊዜ ፊልትሮውን ከበፊቱ የባሰ ይደፍነዋል። ኬሚካሉ የሚጠቅመው ከጽዳት በኋላ ነው። በታንከሩ ውስጥ ጠጠር ወይም ሰንሰለት ከትቶ ማናወጥም የዛገውን ስስ ቦታ ይበሳዋል።

200 ሊትር የሚይዝ ታንከር በውስጡ ናፍጣው እንዳይንገላታ አንድ ወይም ሁለት መከፋፈያ ላሜራ ይኖረዋል። የመከፋፈያዎቹ የታችኛው ማዕዘን ናፍጣ እንዲያሳልፍ የተቆረጠ ሲሆን ዝቃጩ መጀመሪያ የሚደፍነው እነዚህን ማሳለፊያዎች ነው። እንግዲህ አንድ መስኮት ብቻ ቢከፍቱ የሚደርሱት አንደኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ መስኮት ያስፈልጋል። መከፋፈያው የት እንዳለ ለማወቅ የታንከሩን የላይኛውን ገጽ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ላሜራው በተበየደበት መሥመር ላይ ድምፁ ይደፈናል። መስኮቱ ከላይኛው ገጽ ላይ ይሁን እንጂ በምንም ዓይነት በጎን ወይም ከታች አይሁን። ስፋቱም ክንድ እስከ ትከሻ እንዲያስገባ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።

የሚቻል ከሆነ ታንከሩን ከጀልባዋ አውጥተው በየብስ ላይ ይሥሩት። በአሮጌ ጀልባ ላይ ግን ታንከሩ አስቀድሞ ገብቶ ሞተሩና ወለሉ በላዩ ስለሚሠራ ሞተሩን ሳያነሡ ማውጣት የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲያ ከሆነ ወለሉን ነቅለው እዚያው ባለበት ይከፍቱታል።

ስለ እሳት የምለው እዚህ ላይ ነው። ናፍጣ በተለመደው የባሕር ዳር ሙቀት በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ትነቱ ለመያያዝ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ባዶ የናፍጣ ታንከር አደጋ የለውም ብሎ ያስባል። የኦክሲጅን እሳት ግን ግድግዳው ላይ የቀረውን ናፍጣና ዝቃጭ ራሱ አሙቆ ያተነዋል፤ ትነቱ ከአየር ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲደባለቅ ታንከሩ ይፈነዳል። ቤንዚን ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ስለሚሰጥ፣ ጥቂት ቤንዚን የተጨመረበት ናፍጣ እንደ ቤንዚን መታየት አለበት። ስለዚህ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ቤንዚን ገብቶበት ከሆነ ታንከሩን ባለበት አይቁረጡት፤ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ውሃ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ይህን ሥራ በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ይከፈት።

ናፍጣ ብቻ ይዞ የኖረ ታንከር ከሆነ አስቀድመው ይቅዱት። ከላይ ያለውን ጥሩ ናፍጣ በዝግታ ወደ ንጹሕ በርሜል፣ የመጨረሻውን 30 ሊትር ያህል ግን ለብቻው ወደ ጀሪካን ያውጡ። ባትሪውን ይፍቱ፤ የወለሉን መክፈቻዎች ሁሉ ከፍተው ያናፍሱ። መስኮቱን በእጅ መሰርሰሪያና በሴጌቶ፣ የሚቆረጠውን ቦታ ግሪስ እየቀቡ፣ ሳይቸኩሉ ይቁረጡ። ግሪሱ ብናኙን ይይዛል፣ ብረቱንም ከመጋል ያድነዋል። ግራይንደር እሳት ስለሚረጭ በአጠገቡ አይኑር።

የመስኮቱ ክዳን በሚገባ እንዲገጥም ታንከሩ ላይ ምንም ብየዳ ሳይኖር የሚሠራበትን መንገድ ልንገርዎት። ከ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከመስኮቱ ትንሽ የሚሰፋ ቀለበት ያስቆርጡና ለሁለት ያስከፍሉት። ቡሎኖቹን ራሳቸው ከታች ሆኖ ጥርሳቸው ወደ ላይ እንዲቆም አድርገው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከጀልባዋ ርቀው፣ በቀለበቱ ላይ ያስበይዷቸው። ሁለቱን ግማሾች በመስኮቱ አስገብተው ከውስጥ በኩል ከታንከሩ የላይኛው ገጽ ሥር ያስጠጓቸው፤ ቡሎኖቹ በመስኮቱ ከንፈር ዙሪያ በተበሱት ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። በላያቸው ጓርኒሲዮኑን፣ ይኸውም በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ ጎማ፣ ከዚያም ክዳኑን አድርገው በዳዶ ያጥብቁ። ጓርኒሲዮኑ ናፍጣ ከሚቋቋም ናይትራይል ጎማ የተሠራ ይሁን። ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ጓርኒሲዮን በናፍጣ ያብጣል፤ ተራ ሲሊኮንም ነዳጅ ሲነካው ይላቀቃል።

ጽዳቱ ራሱ ከመክፈቱ ይቀላል። ዝቃጩን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይሰብስቡ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጥቂት ንጹሕ ናፍጣ አፍስሰው ያለቅልቁና መልሰው ይሳቡት። ይህን ማለቅለቅ የጨርቁ ቀለም እስኪጠራ ይደጋግሙት። ጓንት ያድርጉ፤ ክንድዎን እንጂ ራስዎን ወደ መስኮቱ አያስገቡ፤ ብቻዎንም አይሥሩ። በውሃና በሳሙና ማጠብ ያን ያህል አይመከርም፤ ከመከፋፈያው ሥር የሚቀረው ውሃ ችግሩን እንደገና ይጀምረዋልና።

ወለሉ ሲጠራ በባትሪ ብርሃን በደንብ ያስተውሉ። ውሃ የተኛበት ቦታ ጉድጓድ ጉድጓድ ብሎ ይታያል። እነዚያን ጉድጓዶች በወስፌ ጫን አድርገው ይሞክሯቸው፤ ወስፌው ከሰመጠ ልጥፍ አይጠቅምም፣ ሌላ ታንከር ይሠራ። አዲሱ ከጥቁር ላሜራ ሲሠራ ከውጭ ይቀባል እንጂ ከውስጥ አይቀባም። ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ ግን ለናፍጣ አይሆንም፤ ዚንኩ እየሟሟ የሞተሩን ኢንጀክተር ይደፍናል። ከተገጠመ በኋላ ታንከሩን ሞልተው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በጠመኔ ይቀቧቸው፤ ናፍጣ የሚያስመልጥ ቦታ ካለ ጠመኔው እዚያ ላይ ይጠቁራል።

ውሃው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ይህ ሁሉ ድካም በሚቀጥለው ክረምት ይደገማል። የመሙያው ክዳን ጎማ ደርቆ እንዳይሆን፣ የመተንፈሻው ቱቦ አፍም ዝናብና ማዕበል ወደሚደርስበት እንዳይዞር ይመልከቱ። ማታ ሲያስሩ ታንከሩን ሞልተው ያሳድሩ፤ በጎደለ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይጥላል። በጀሪካን ወይም በበርሜል የቆየ ናፍጣ ሲገዙ አንድ ሌሊት አስረግተው ከላይ ይቅዱት እንጂ እስከ ሥሩ አይገልብጡት። በታንከሩና በሞተሩ መካከል ከሥሩ መስተዋት ያለው ውሃ መለያ ፊልትሮ ያስገቡና ጠዋት ጠዋት ሳይነሡ በፊት ያዩት።

የሚወጣውን በተመለከተ፣ አንዲትም ጠብታ ወደ ሐይቁ አትግባ፤ በዳርቻው ላይም አይደፋ፣ ዝናቡ ወደዚያው ይወስደዋልና። ጣና በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችን የያዘ ሐይቅ ነው፤ ለሚኖርበትም ለሚሠራበትም ሰው ሁሉ እንጀራው ነው። ዝቃጩንና የቆሸሸውን ጨርቅ ክዳን ባለው በርሜል ሰብስበው የተቃጠለ ዘይት ለሚረከብ ጋራዥ ያስረክቡ። በርሜል ውስጥ ያኖሩት ናፍጣ ቀናት ረግቶ ከጠራ፣ ከላይ ብቻ ተቀድቶና በጥሩ ፊልትሮ አልፎ ለሞተር ይሆናል። ለኩራዝ ወይም ለምድጃ እንዳይሰጥ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ዓሣ የማሰግርባት ትንሽ ጀልባ አለችኝ፤ ሞተሯ ከኋላ የሚሰካ የቤንዚን ሞተር ነው። ተንቀሳቃሹ ፕላስቲክ ታንከር ውሃ ስለገባበት ሞተሩ እየተርገበገበ አስቸግሮኛል። እንዴት ላጽዳው?
ከጎርጎራ

መልስ፦ የእርስዎ ሥራ አጭር ቢሆንም ጥንቃቄው ይበልጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከጀልባዋ ወለል ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ታንከሩን ከጀልባዋ አውጥተው፣ ከማንኛውም እሳትና ሲጋራ ርቀው፣ መሬት ላይ አስቀምጠው ይክፈቱት። ያለውን ሁሉ ወደ ጀሪካን ይገልብጡ፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ቤንዚን አለቅልቀው እሱንም እዚያው ይጨምሩ፤ ከዚያም አፉን ከፍተው በጥላ ሥር ያድርቁት። በመሳቢያው ጫፍ ያለችውን ወንፊት አውጥተው ይጥረጉ፣ በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ፖምፓ ተሰንጥቆ እንደሆነም ይመልከቱ፤ በካርቡራተሩ ሥር የቀረውን ውሃ ሳያወጡ ሞተሩን አያስነሡ። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ላይ ያለችውን የአየር ቡሎን ሲሄዱ ይክፈቷት፣ ቆመው ሲያድሩ ደግሞ ይዝጓት፤ ታንከሩን ሲሞሉም ሁልጊዜ ወደ መሬት አውርደው ይሙሉት።