ለባጃጅ ሾፌሮች መዝናኛ ቀን ምን ጨዋታ ይሁን ላልከው

ወንድሜ፣ የቱሉ ዲምቱ ማኅበራችሁ መስከረም መጀመሪያ ላይ አባላቱን ከነቤተሰባቸው ሜዳ ሊያወጣ ነው፣ ከኳስ ሌላ ምን እንጫወት ብለህ ስትጠይቅ አየሁ። እኛ ሱሉልታ ላይ አድርገነዋል፤ ሰው ተራ ላይ ቆሞ እስካሁን ያወራዋል። እንዳትቸገሩ ልንገርህ።

1. ቀኑን ግፉት። መስከረም መጀመሪያ ላይ የእናንተ ዋልካ ገና አልደረቀም። የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ነው (ስፋቱ አራት፣ ቸርኬው ስምንት ኢንች)፣ ትንሽ ነው፤ ጭቃ ከያዘው ቀኑን ሙሉ ስትገፉ ትውላላችሁ። ከመስቀል በኋላ ይሁን፣ ወይም ጠጠር የለበሰ ሜዳ ፈልጉ።

2. መሰብሰባችሁን የሚያሳውቅ ደብዳቤ ለሚመለከተው ቢሮ ቀድማችሁ አስገቡ፤ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ሳትይዙ ከቢሮው እንዳትወጡ። እኛ የሄድንበት ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ይሄን ሁሉ ባጃጅ ሰብስባችሁ ሰልፍ ልትወጡ ነው?» አለን። ስለ ልጆቹ የጆንያ ሩጫ፣ ስለ ሴቶቹ ድፎ ዳቦ አስረዳነው። «ነገ ኑ» አለ። በነጋታው ስብሰባ ገባ። እሱ ስብሰባ ሲገባ እኛ የባለንብረቱን የቀን ገቢ ከኪሳችን እየከፈልን ነው፤ ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል። በመጨረሻ፣ ለሰላማዊ ሰልፍ እንኳ አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፣ እኛ ደግሞ ሰልፍ አልወጣንም አልኩት። ተቆጣ። ማኅተሙን ግን መታ።

3. የፍጥነት ውድድር የሚል ሰው ከመጣ አታስቀጥሉት። ከኮሚቴያችን አንዱ «ወጣቶቹ ይሰለቻሉ» ብሎ ድርቅ አለ፤ ተው ብዬው ነበር። ባጃጅ ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ እየታጠፍክ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ምንም ደጋፊ ወደሌለው የፊት ጥግ ይሄዳል። አንዱ ልጅ ምልክቱ ጋ ሲጠመዘዝ የኋላ ጎማው ብድግ አለ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ክንዱን ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነም። መስታወቱ ረገፈ፣ ሸራው ተቀደደ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ደግሞ የራስህን ባጃጅ አያሠራልህም። ለመዝናኛው ያዋጣነው ብር ጋራዥ ገባ፤ ለበጉ የተያዘው ሳይቀር። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ያን ቀን ቀድሞ ነው ቤቱ የገባው።

ቀኑን ያዳነው የቀስታ ውድድር ነው፤ እሱን አስገብቼው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ርምጃ ያህል ለጥ ያለ ቦታ ትለካላችሁ፣ ሁሉም በአንደኛ ማርሽ ይነሳል፣ መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል። የቆመ ወይም ሞተር ያጠፋ ይወጣል። በሁለት እግር ሞተር ቢሆን እግሩን መሬት ያስነካ ይወጣ ነበር፤ ባጃጅ ቆሞ ስለማይወድቅ ግን «ቆመ፣ አልቆመም» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ የፊት ጎማው ላይ ነጭ የኖራ መስመር ቀቡ። መስመሩ ካልዞረ ቆሟል፣ አለቀ። ዳኛው ተራ አስከባሪ ይሁን፤ ሾፌር ከሆነ ለጓደኛው ያዳላል።

ማን አሸነፈ መሰለህ? ወጣቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ አንድ በአንድ ሞተር አጠፉ። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ጋሼ ብቻ ቀሩ፤ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን እጀታ) በሁለት ጣት ይዘው ትንሽ ለቀቅ፣ መልሰው ያዝ፣ ነዳጁን እንደመንካት ብቻ። ኖራዋ በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት ትዞራለች። ተሳፋሪ «እኚህ ቀርፋፋ ናቸው» እያለ የሚያልፋቸው ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው ያን ቀን በእልልታ ሜዳውን አናወጡት። እኔም እንባዬ መጣ። በ2015 አዲስ አበባ ላይ ባጃጅ የታገደ ጊዜ ሁላችንም ያየነውን ጭንቀት ታውቀዋለህ፤ ሾፌር በሙያው የሚጨበጨብለት ቀን ያስፈልገዋል። ብቻ ከሁለት ዙር አታስበልጡት፣ ፍሪሲዮን ይበላል።

ሌላው፣ ሞተር ጠፍቶ ዓይኑ የታሰረ ሾፌር መሪ ይይዛል፣ ሦስት ሰው ከኋላ ይገፋል፣ ሚስት ውስጥ ተቀምጣ «ግራ፣ ቀኝ» ትላለች። በሳቅ ትሞታላችሁ። ጎማ መቀየርም በቡድን ያምራል፤ ያለ ክሪክ፣ ጓደኞቹ በእጃቸው አዘንብለው ይያዙለት፣ ከሥር ግን ማንም እጁን አይስደድ። ገመድ ጉተታው የታወቀ ነው።

ሽልማቱን የሞተር ዘይትና ጎማ አድርጉት፤ ዋንጫ ገዝታችሁ ብር አታባክኑ። የሜዳውን ፎቶ እዚሁ ለጥፍ፣ አፈሩን አይቼ ይሆናል አይሆንም እልሃለሁ።