ቀለሙን ተወው፣ አንገቱን እይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ከድሬዳዋ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! ሳቢያን ነው የምኖረው። ሃያ ዓመቴ ነው። በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ሦስት ዓመት ጊታር ተጫውቻለሁ፤ ትምህርት ስጨርስ ግን ጊታሩ እዚያው ቀረ። ባጃጅ እየነዳሁ ለኤሌክትሪክ ጊታር 22,000 ብር አጠራቅሜያለሁ፤ ከዚህ በላይ አንድ ብር የለኝም። ሦስት ጊታሮች አግኝቻለሁ። አንደኛው ሱቅ ውስጥ ያለ አዲስ ነው። ስሙን ሰምቼው አላውቅም፤ ከትንሽ አምፕሊፋየር፣ ከቦርሳና ከገመድ ጋር 22,000 ይሉኛል። ሁለተኛው ከጅቡቲ የመጣ ያገለገለ ስኳየር ስትራቶካስተር ነው፤ ድምፅ ማወዛወዣ ዘንግ አለው፤ 20,000። ሦስተኛው ቴሌካስተር ይመስላል። ቀለሙ ተላልጧል፣ ራሱ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ ጠፍቷል። ባለቤቱ 14,000 ይለኛል። ጓደኞቼ አዲሱን ግዛ ይሉኛል። አንተስ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ጋሼ ብለህ ጀምረህ በአንተ ጨረስከው፤ የድሬ ልጅ መሆንህን ለማወቅ አድራሻህን ማንበብ አላስፈለገኝም። የአዲስ አበባ አንባቢዎች ቅር እንዳይላችሁ፤ እኛ ዘንድ አንቱ የሚባለው የተቀየምነው ሰው ነው።

መልሱን ላስቀድምልህ። ሦስተኛውን ሄደህ ፈትሸው። ግዛው አላልኩህም።

በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጊታሬን ስገዛ እኔን ያታለለኝ ቀለም ነው። ደም የመሰለ ቀይ፣ ፊትህን የሚያሳይ። ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን ይዤው መጥቼ በረንዳ ላይ ስቃኘው ክፍቱ ክር ልክ ይመጣል፣ ጣቴን ሳሳርፍበት ይስታል። አንገቱ ዝናብ እንደመታው ሳንቃ ተጣሞ ኖሯል። ሌላ መግዣ ስላልነበረኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰርግ ላይ በየዘፈኑ መሃል እየቃኘሁ ተጫወትኩበት። አንድ ቀን የሙሽራው አጎት ጠጋ ብለው፣ "ይህ ልጅ መቼ ነው የሚጀምረው?" ብለው ጓደኛዬን ጠየቁት። ከዚያ ወዲህ ጊታር ሲያሳዩኝ ቀለሙን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ብዙው ነገር ይቀየራል። ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ይቀየራል፣ የመቃኛ ቁልፎቹ ይቀየራሉ፣ የሚንኮሻኮሸው የድምፅ መቆጣጠሪያ ተጠርጎ ወይም ሌላ ተበይዶለት እንደ አዲስ ይሆናል። የተጠማዘዘ አንገት ግን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ከራሱ ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አንሣና ከራሱ በኩል ወደ ታች በአንድ ዓይንህ አንጣጥረው። ፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተቸነከሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ አንድ ላይ ተኝተው መታየት አለባቸው። በስተቀኝና በስተግራ ያለው ጠርዝ ወደተለያየ አቅጣጫ የሚዞር ከመሰለህ አመስግነህ ውጣ፤ ቢሰጡህም አትውሰድ። ወደ ፊት በጥቂቱ የጎበጠ ብቻ ከሆነ አያስፈራም፤ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ አለ፤ በቁልፍ ጠበቅ ሲያደርጉት ይቃናል። የዘንጉ ቁልፍ መግቢያ ግን ተልጦ እንደሆነ ቀድመህ እይ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። ይህንን ነገር ከሌላ ሰው አትሰማውም፤ እኔም የተማርኩት ከዚያ ከቀዩ ጊታር ነው።

ጊታር የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ሲያሳይህ አብዛኛውን ጊዜ ትዝታ ይመታልሃል። ትዝታ ደግሞ ለጊታር ደግ ቅኝት ነው። ከክፍቱ ክር ተነሥተህ ወደ ሁለተኛውና ወደ አራተኛው ፍሬት ትሄዳለህ፤ የመጀመሪያውን ፍሬት አትነካውም። ባቲም ከክፍቱ ክር ዘልሎ አራተኛና አምስተኛው ላይ ያርፋል። ጉድ የሚወጣው በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ነው። ሁለቱም ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብለው ነው የሚቀጥሉት፤ ያ ደግሞ በክፍት ክር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ነው። ራሱ ሥር ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ፣ ነት የምንላት፣ ጎድጎዶቿ በደንብ ካልተቆረጡ ክሩ ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ ርቆ ይንጠለጠላል። ስትጫነው ብዙ ይወርዳል፣ ሲወርድ ይወጠራል፣ ድምፁም ከልኩ ያልፋል። ርካሽ ጊታሮች ላይ በብዛት የማየው ችግር ይህ ነው፤ ጥሩ ነት መቁረጥ የሰው እጅና ጊዜ ይፈልጋልና።

ስለዚህ ቃኝተህ ስታበቃ ቀጭኑን ክር ያዝና አንቺ ሆዬን ቀስ ብለህ ውጣ፦ ክፍት፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። ከዚያ በሁለተኛው ክር፣ ከዚያ በሦስተኛው። የመጀመሪያዋ እርምጃ የምትጎረብጥህ ከሆነ ነቱ ከፍ ብሏል። በዓይንህም አረጋግጥ፤ ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንና ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ ያለውን ክፍተት ተመልከት። ፀጉር የምታህል ክፍተት ትበቃለች። ወፍራም ወረቀት ተጣጥፎ የሚያልፍበት ከሆነ መሞረድ አለበት። ከተማችን ዓሊ ቢራን ያፈራች፣ ዑድ የምታውቅ ከተማ ናት። ዑድ ፍሬት ስለሌለው ጣት ቢስት ጆሮ ያርመዋል። ጊታር ግን ፋብሪካው የቸነከረልህን ድምፅ ነው የሚሰጥህ፤ ጆሮህ ቢጮህም ጣትህ ሊረዳህ አይችልም።

ደግነቱ ከፍ ያለ ነት በትንሽ ሞረድ ይወርዳል፤ እንዲያውም ዋጋ መቀነሻህ ነው። ብቻ ራስህ አትጀምረው፤ አንድ ጊዜ አብዝተህ ከሞረድከው ክሩ ፍሬቱ ላይ ይንዘረዘራልና ሌላ ነት መግዛትህ ነው።

ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት። ክሩን ሳትጫን ልክ ከፍሬቱ ብረት በላይ በጣትህ ነካ አድርገህ ምታው፤ የፉጨት ድምፅ ይወጣል። ከዚያ ተጭነህ ምታው። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። የተጫንከው ከፍ ካለ፣ ክሮቹ በጊታሩ ገላ በኩል በሚያርፉበት ብሪጅ ላይ ክሩ የተቀመጠባትን ትንሽ ብረት በካቻቪቴ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ዝቅ ካለ ወደ ፊት መግፋት። ክሮቹ የዛጉ ከሆኑ ግን ይህ ፈተና ይዋሻል፤ አዲስ ክር ይዘህ ብትሄድና ሻጩ እንድትቀይረው ቢፈቅድልህ ጥሩ ነው።

ሦስተኛውን ያስቀደምኩበት ሌላው ምክንያት ቅርጹ ነው። ይህን የቴሌካስተር ቅርጽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ለገበያ ያቀረበው ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት የማይችል የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጠጋኝ የሠራው ዕቃ ያስታውቃል! አንገቱ በአራት ብሎን የታሰረ ነው፣ ሁለት ፒካፕ፣ አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን፣ የማይነቃነቅ ብሪጅ። የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው። ያንተው ኮፒ መሆኑ አያስጨንቀኝም፤ ስሙ መፋቁም እንዲሁ። የተላላጠው ቀለም ደግሞ ለድምፁ ምንም አያደርገውም፤ 8,000 ብር ኪስህ ውስጥ እንዲቀር ያደረገው እሱ ነው።

ያ 8,000 ብር ትርፍ ግን አይደለም፤ የጊታሩ ቀሪ ዋጋ ነው። ሁለት እሽግ ክር ግዛበት፤ ዘጠኝ ቁጥር የሚባለውን፣ ቀጭኑ ክር 0.009 ኢንች የሆነውን። ደህና ገመድ ግዛ፤ ርካሽ ገመድ እየቆረጠ ጊታሩ የተበላሸ ያስመስላል። ነቱን የሚሞርድልህንና ብሪጁን የሚያስተካክልልህን ሰው ክፈል። አምፕሊፋየር እስክታገኝ ቤት ውስጥ የተረሳ ዲቪዲ ማጫወቻ ካለ ፊቱን እይ፤ ለካራኦኬ የሚሆን የማይክ ቀዳዳ ያለው ብዙ ነው፣ የጊታር ገመድም ይገባበታል። እኔ አንድ ዓመት የተለማመድኩት በእሱ ነው። ቴፑ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ብትሰካው ግን ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስልሃል፤ የፒካፕ ጉልበት ለእሱ ያንሳል። ድምፁን ብዙ አትክፈት እንጂ ለጣት ማሠልጠኛ ዲቪዲው ይበቃሃል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። የጊታር ክር ከብሪጁ ጋር፣ ብሪጁም በገመዱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ቤቶቻችን ደግሞ መሬት የገባ ሽቦ የላቸውም። በግንቦት ሙቀት ሲሚንቶው ላይ ውኃ ረጭተን በባዶ እግራችን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። እንደዚያ ሆነህ ጊታር አትሰካ። ክሩን ስትነካ ጣትህን ነዘር ካደረገህ ወዲያው ንቀልና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራ። መጎርምረም ብቻ ከሆነ ግን አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ያለው ፒካፕ ጠባይ ነው፤ ከማቀዝቀዣውና ከስታቢላይዘሩ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ሁለት ጥቅል ያለው ፒካፕ ይህን ጉርምርምታ ያጠፋዋል፤ ግን ለዚያ ብለህ ሌላ ጊታር አትፈልግ።

ሦስተኛው ፈተናውን ቢወድቅስ? ወደ ስኳየሩ ሂድ፤ ስኳየር የፌንደር ኩባንያ የራሱ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ምርት ስለሆነ መለዋወጫው ይገኛል። በተመሳሳይ መንገድ ፈትሸው። ማወዛወዣው ቅኝቱን የሚያበላሽብህ ከሆነ ከጀርባ ክዳኑን ፍታና ከሞላዎቹ አጠገብ ባለው ብረትና በእንጨቱ መካከል ልኩን የጠበቀ የእንጨት ሽብልቅ አስገባ፤ ይቆማል። ሻጩን 18,000 በለው። አዲሱን ከነሙሉ ዕቃው የምትገዛ ከሆነ ግን ለጥገና የሚቀርህ ገንዘብ የለም፤ የማልመክርህ ለዚያ ነው እንጂ አዲስ ርካሽ ጊታር ሁሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ያማሃ ፓሲፊካ ለምሳሌ በርካሾቹም ሞዴሎች ደህና አንገት ያለው ጊታር ነው፤ በአቅምህ ከመጣ ዓይንህን አትሽ።

ከገዛህ በኋላ ቀን ባጃጁ ውስጥ አታስቀምጠው፣ ከቆርቆሮ ሥርም አትስቀለው። ስትጨርስ ክሮቹን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጥረጋቸው፤ በእኛ ላብ አንድ እሽግ ክር ወር አይሞላም።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ እኖራለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ግራኝ ናት። ወንድሜ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ሊሰጣት ይፈልጋል፤ ጊታሩ ግን የቀኝ ነው። በቀኝ ትልመድ ወይስ ክሮቹን ገልብጠንላት በግራ ትጫወት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከምንም በፊት ክሮቹን ሳትገለብጪ ስጪያትና ለአንድ ሳምንት ምንም አትበያት። የቀኙን አያያዝ ካልጠላችው በዚያው ትቀጥል፤ የግራ ጊታር በእኛ አገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፣ በሰው ጊታር ለመጫወትም ይመቻታል። ሁልጊዜ እየገለበጠች የምትይዘው ከሆነ ግን አታስገድጃት። ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ ስትራቶካስተር ገልብጦ፣ ክሮቹን አዛውሮ ነው የተጫወተው። ክሮቹን ስታዛውሩ ግን ነቱም አብሮ መቀየር አለበት። ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ጎድጎድ አይገባም፣ ቀጭኑም በወፍራሙ ውስጥ ይዋልላል። ወንድምሽን ጊታሩን ሲያመጣ የግራ ነት አብሮ እንዲያመጣ ንገሪው።