የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከደሴቱ ማዶ የመጥለቂያ ቦታ ፍለጋ

ጥያቄ፦ እስከ 30 ሜትር ለመጥለቅ የሚያስችል የስኩባ (ከተሸከሙት ሲሊንደር አየር እየሳቡ የመጥለቅ) ምስክር ወረቀት አለኝ። እስካሁን የጠለቅሁት ሆቴሎች በተሰባሰቡበት የደሴት ዳርቻ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ክምር) ላይ የብዙ ጀልባ ሰው ሲተራመስ ማየት ሰልችቶኛል። በሚቀጥለው ጉዞዬ ጎብኚ ወደማይበዛበት የደሴቱ ማዶ ተሻግሬ የራሴን ቦታ መፈለግ እሻለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቦታ ከመፈለግዎ በፊት ሰው ወደዚያ የማይሄድበትን ምክንያት ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ነፋስ ነው። በካሪቢያን ባሕር የምትገኘውን ቦኔርን ብንወስድ፣ ነፋሱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ በመንገድ ዳር ቢጫ በተቀቡ ድንጋዮች የተመለከቱት የታወቁ መጥለቂያዎች በአብዛኛው የሚገኙት ደሴቲቱ ራሷ በምትከልለው የምዕራብ ዳርቻ ነው። ምሥራቁ ጸጥ ያለው ማንም ስላላወቀው ሳይሆን ማዕበሉ ስለሚበረታ ነው፤ የሜክሲኮዋ ኮዙሜልም ከዚህ የተለየች አይደለችም። እንዲህ ባለው ጎን ባሕሩ በሚረጋባቸው ጥቂት ቀናት፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ በቀር መግባትን አልመክርም።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ሲሆን፣ ለእርስዎ የሚበጀው ይህኛው ነው። የባሊ ጎብኚ በብዛት የሚያርፈው በደቡብ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው ቱላምቤን ግን ሊበርቲ የተባለች የአሜሪካ የጭነት መርከብ ከባሕሩ ጠርዝ ብዙም ሳትርቅ ተኝታለች። በጥር 1942 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ዳርቻው ላይ እንድታርፍ ከተደረገች በኋላ፣ በ1963 የአጉንግ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በተከተለው መንቀጥቀጥ ተንሸራትታ ወደ ውሃው ገባች። የላይኛው ክፍሏ በ5 ሜትር፣ የታችኛው ደግሞ ወደ 30 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ላይ ይገኛል። እርግጥ ዛሬ እርሷም ጎብኚ አላጣችም፤ ቢሆንም ከዋናው መንገድ መራቅ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ታሳያለች።

ፍለጋውን በባሕር ካርታ ይጀምሩ። እኩል ጥልቀት ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች ተጠጋግተው ወደ ዳርቻው በሚቀርቡበት ቦታ የባሕሩ ወለል በገደል መልክ ስለሚወርድ፣ ረጅም ዋና ሳያስፈልግዎ ከጥልቁ ጠርዝ መድረስ ይችላሉ። ከዚያ ያንኑ ቦታ በሳተላይት ምስል ይመልከቱት። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሚመስለው ጥልቀት የሌለው አሸዋ ሲሆን፣ በመካከሉ የሚታየው ጠቆር ያለ ነገር ኮራል፣ ዓለት ወይም የባሕር ሣር ሊሆን ይችላል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ምስሉ ብቻውን አይነግርዎትም። ነጭ የአረፋ መስመር ካዩ ማዕበል የሚሰበርበት ነውና መግቢያዎን ከዚያ ያርቁ። የወንዝ መግቢያንም ይተዉት፤ ጭቃው ዕይታን ይጋርዳል፣ ኮራልም በዚያ አይበረክትም።

ከካርታውም ከምስሉም በላይ እኔ የምተማመነው በዓሣ አስጋሪዎች ነው። ዓሣ የሚበዛበትን ቦታ ግን አይጠይቋቸው፤ እንጀራቸው ስለሆነ ቢደብቁት አይፈረድባቸውም። መረባቸው ዘወትር የሚያዝበትንና የሚቀደድበትን ቦታ ይጠይቋቸው። መረብ የሚይዘው ዓለት፣ ኮራል ወይም የሰጠመ መርከብ ስለሆነ፣ እነርሱ የሚሸሹት ቦታ እርስዎ የሚፈልጉት ሊሆን ይችላል። እዚያ የቀረ ቁራጭ መረብ ሊተበትብዎት ስለሚችል መቁረጫ ሳይዙ አይውረዱ።

ቦታውን ካገኙ በኋላ ወዲያው ልብስዎን ለመቀየር አይቸኩሉ። ዳርቻው ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተቀምጠው ውሃውን ይመልከቱ። ማዕበል በአንድ ልክ አይመጣም፤ ለጥቂት ደቂቃ ጋብ ብሎ ሲያዘናጋ ይቆይና ትልልቆቹ ተከታትለው ይደርሳሉ። ስለዚህ የሚገቡበትን ብቻ ሳይሆን የሚወጡበትንም፣ ያ ቢበላሽ የሚተካውንም ሌላ መውጫ አስቀድመው ይምረጡ፤ በከባድ ሲሊንደር የሚያዳልጥ ዓለት ላይ መውጣት ከመግባት እጅግ ይከብዳልና። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት በኮራል መካከል ያለ ጠባብ ክፍተት ውሃውን ወደ ውጭ ስለሚጎትት፣ የባሕሩ ሙላት ሊያበቃ ሲቃረብ መግባት ይሻላል።

ማዶው ላይ የሚያነሳዎት ሌላ ጀልባ እንደሌለም አይዘንጉ። ብቻዎን አይጥለቁ። ተንሳፋፊ ምልክትና ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ኦክስጅን ይያዙ፤ የመመለሻ ሰዓትዎን የሚያውቅ ሰው ዳርቻው ላይ ይኑር፤ ቅርብ ያለው የግፊት ሕክምና ክፍል (ጠላቂ በፍጥነት ወደ ላይ ሲወጣ የሚያገኘው ሕመም የሚታከምበት) የት እንደሆነ ከጉዞው በፊት ይጠይቁ። ምስክር ወረቀትዎ 30 ሜትር ቢፈቅድም፣ በማያውቁት ቦታ የመጀመሪያው ጥልቀትዎ ከ18 ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በታኅሣሥ ወር ወደ ስሪላንካ እሄዳለሁ። ጎብኚ ስለማይበዛበት በምሥራቁ ዳርቻ በትሪንኮማሊ ለመጥለቅ አስቤአለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ወሩ አይስማማዎትም። በታኅሣሥ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ሞንሱን የተባለው ወቅታዊ ነፋስ ዝናብና ማዕበል ይዞ በዚያ ዳርቻ ላይ ስለሚያርፍ ውሃው ይደፈርሳል። የምሥራቁ ወቅት በአመዛኙ ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። በታኅሣሥ የሚረጋው ሂካዱዋ ያለችበት የደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው። እዚያ ሰው መብዛቱ አይቀርም፤ ጀልባዎቹ ከመብዛታቸው በፊት በማለዳ የሚወጣ አስጎብኚ ቢፈልጉ ግን የተሻለ ጸጥታ ያገኛሉ።