ድሬዳዋ ሆኖ የሰውን ትስስር ማጥናት፦ ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ ፊዚክስ ተመርቀሽ እንደ ተመራማሪው ባራባሲ የሰውን ባህሪ በኔትወርክ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር እንደተሳሰረ በማየት፣ ማጥናት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። «ድሬ ቁጭ ብዬ የስልክ ዳታ ከየት አመጣለሁ? ያለ እሱስ ይሆናል ወይ?» ነው ያልሽው። ይሆናል። የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት እዚሁ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው።

ምኞትሽ ይገባኛል። አልበርት ላስሎ ባራባሲም የፊዚክስ ሰው ነው። በ1999 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ከሬካ አልበርት ጋር ሆኖ ጥቂት ድረ ገጾች ለምን እጅግ ብዙ ሊንክ እንደሚሰበስቡ አብራራ። አዲስ መጪው ቀድሞ ብዙ ትስስር ወዳለው ያዘነብላል ነው ነገሩ። በ2008 እነ ማርታ ጎንዛሌዝ ከእሱ ጋር ሆነው የ100,000 ሰዎችን የሞባይል መረጃ አጠኑ። ሰው ወደ ጥቂት ቦታዎች ደጋግሞ እንደሚመለስ ታየ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ወጣቶች ይህን አንብበው «የቴሌ ዳታ ካላገኘሁ» ብለው ዓመት ሙሉ ሲቀመጡ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ዌይን ዛካሪን አንብቢ። አንትሮፖሎጂስት ነው። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የካራቴ ክለብ ውስጥ የ34 አባላትን ቅርርብ መዘገበ። ክለቡ በጠብ ለሁለት ሲከፈል ማን ወደ የትኛው ወገን እንደሚሄድ ከትስስሩ ብቻ ተነስቶ፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም በትክክል ለየ። ጥናቱ የወጣው በ1977 ነው። እስካሁን ኔትወርክን በቡድን የሚከፍል አዲስ የስሌት ዘዴ ያወጡ ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት በእነዚያ 34 ሰዎች ላይ ነው።

የእኔ ጥያቄ የመጣው ድሬን አቋርጦ ከሚያልፈው ከደቻቱ ወንዝ ነው። በ2006 ክረምት ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ስንት ሰው እንደወሰደብን ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እና ማስጠንቀቂያ ቢኖር ከማን ወደ ማን ይደርስ ነበር? ወንዙ ዳር ያሉ ሰፈሮችን መርጬ ይህን መከታተል ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር የጥያቄው አቀራረብ ነው። «የቅርብ ሰውሽ ማነው?» ስትያቸው የሚከበር ሰው ስም ይሰጡሻል። የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሽማግሌው፣ ሐጂው። «ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ ለማን ደወልሽ? ገንዘብ ሲቸግርሽ ከማን ተበደርሽ?» ስትያቸው ግን ሌላ ኔትወርክ ይወጣል። ሰዓቱም ይወስናል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከጠየቅሽ የሚጠሩልሽ አብረዋቸው የተቀመጡትን ነው። ጠዋት ሂጂ። ደግሞ ሰውን በራሱ ቋንቋ ጠይቂ። በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚጠይቅ ሰው ካልያዝሽ የከተማውን ግማሽ ትስስር አታዪም።

ያገኘሁት ይህ ነው፦ ሰው ሌሊት የሚደውልላቸው አብዛኞቹ እዚያው ወንዙ ዳር፣ እዚያው ሰፈር ያሉ ናቸው። ጎርፍ ቢመጣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚይዛቸው። ወሬውን ከላይኛው ሰፈር ሊያመጡ የሚችሉት የላላ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፦ ሁለት ሰፈር እቁብ የሚጥሉ ሴቶች፣ ባጃጅ ነጂዎች። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ግራኖቬተር በ1973 ስለ ደካማ ትስስር ጉልበት የጻፈውን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በሰዎች ስም ላይ ሳየው ግን ሌላ ክብደት ነበረው። ለማስጠንቀቂያ የሚመረጡት ሁልጊዜ ሊቀመንበሮቹ ብቻ መሆናቸው እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር አደራ። ስምን ከመረጃው ላይ መሰረዝ ብቻውን ሰውን አይደብቅም። በ2013 እነ ደ ሞንትዦ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ መረጃ አይተው፣ ቦታና ሰዓት የያዙ 4 ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ለይተው እንደሚያወጡ አሳይተዋል። እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። «ሁለት እድር ያላት፣ መጋላ ልብስ የምትሰፋ» ብለሽ ከጻፍሽ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። ማን ከማን እንደተበደረ መውጣቱ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲሽን የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳትይዢ አንድ በር አታንኳኪ።

መሣሪያው አያስጨንቅሽ። ትስስርን ለማስላትና ለመሳል የሚረዱት የኮምፒውተር መሣሪያዎች፣ ፓይተን፣ ኔትወርክኤክስ፣ ጌፊ፣ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ፣ ማትሪክስ ደግሞ ከፊዚክስ ታውቂዋለሽ። የሚጎድልሽ ስታቲስቲክስ ይመስለኛል፣ እሱን አጥብቂ። እንጀራውን በተመለከተ፣ «የኔትወርክ ተመራማሪ» የሚል ቅጥር እዚህ አልገጠመኝም። እኔን የሚያኖረኝ የጤና ዳታ ሥራ ነው፣ ግን ወደዚያ ያስገባኝ ይኸው ጥናት ነው። ወባ አለ፣ ክትባት አለ፣ የገበያ ወሬ አለ፤ ሁሉም ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር ነው።

የጥያቄ ወረቀትሽን ረቂቅ ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልን። ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን የሚያዩልሽ ሰዎች ግሩፑ ውስጥ አሉ፣ እኔም ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አይልሻለሁ።